ኮምቦልቻ፣ ባቲ መውጫ፦ በላተኛ ያለውና በላተኛ የሌለው ምግብ

በኮምቦልቻ ወደ ባቲ ከሚወስደው አስፋልት ጥቂት ገባ ብሎ፣ ጋራዦችና በሰርቪስ የሚከራዩ ቤቶች ተቀላቅለው በሚገኙበት ሰፈር አንድ ምግብ ቤት አለ። በሩ ላይ የተሰቀለ ስም የለውም፤ የቤቱ እመቤትም ስማቸውና አድራሻቸው ተዘርዝሮ እንዲጻፍ ስላልወደዱ እኔም «የባቲ መውጫው ቤት» ብዬ አልፈዋለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ የዚህ ቤት ካብሳ (ከዓረብ አገር የመጣው፣ በቅመም የሚበስል ሩዝና ዶሮ) በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ከቀመስኩት ሁሉ ይበልጣል፤ ለቡናው ሲባል ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ተራራ ቁልቁል መውረድ አያስቆጭም፤ የምስር ሾርባው ግን ከዝርዝሩ ቢፋቅ የሚከፋው ሰው አይኖርም። አንድ ወጥ ቤትና አንድ እመቤት ባሉበት ቤት እንዲህ ያለ የሰማይና የምድር ልዩነት ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ነው ይህን ግምገማ ከተለመደው ያስረዘመው፤ መልሱንም ያገኘሁት ወደ ሰፈሩ ማን መጥቶ ማን እንደሄደ ሳጠያይቅ ነው።

ኮምቦልቻ መንገድ ያቆማት ከተማ ናት። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከአሰብ በደንከል በረሃ በኩል የዘረጋው መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ ከሚዘልቀው ዋና መንገድ ጋር የሚገጥመው እዚህ ነው። ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ደጋው ላይ ስትቀር፣ መጋዘኑ፣ ጋራዡ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው፣ ኋላም ፋብሪካው ሜዳ ፍለጋ ወደ ቦርከና ዳር ወረዱ። ስለዚህ የባቲ መውጫ ሰፈር ከጥንቱም የመጤ ሰፈር ነበር። የአሰብ መስመር ሾፌርና ረዳቱ፣ ኤርትራዊው መካኒክ፣ የመናዊው ባለሱቅ፣ በባቲ የሰኞ ገበያ ግመልና ፍየል ሸጦ የሚዘልቀው አፋር፣ ጉራጌው ነጋዴ፣ ከቃሉና ከወረባቦ የወረደው ገበሬ እየተተካኩ ኖረውበታል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የመናውያኑ አብዛኞቹ ሄዱ፤ በደሴ እንኳ አረብ ገንዳ የሚባለው ሰፈር ዛሬ ያለው በስሙ ነው ማለት ይቻላል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ የጭነት መኪናው ጉዞ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ከአሰብ ጋር የተሳሰረው የሰፈሩ ሰውም በዚያው ተበተነ።

የምግብ ዝርዝሩ አንድ ወፍራም ካርቶን ሲሆን፣ አዲስ ምግብ በመጣ ቁጥር ቁራጭ ወረቀት በፕላስተር እየተለጠፈበት ወርዶ ወርዶ ጫፉ ደርሷል። የተለጠፈ እንጂ የተነሣ ነገር የለበትም፤ የቤቱ ትልቁ ጥፋትም ይኸው ነው። እመቤቲቱን «የማይበላውን ለምን አያወጡትም?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ሲበላው የነበረው ሰው ድንገት ቢመለስስ፣ ልጄ?» አሉኝ። መልሳቸው አንጀት ይበላል፤ ሾርባውን ግን አያጣፍጠውም።

በካርቶኑ አናት ላይ ያሉት ብዙ ወሬ አይፈልጉም። ፓስታ በስጎው በርበሬ የገባበት፣ ጨዋ፣ ከማንኛውም የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ፓስታ የማይለይ ነው። ፉሉ ከዚህ ይሻላል፤ ግማሹ ፍሬውን እንደያዘ፣ ግማሹ እንደተደፈጠጠ ሆኖ ይቀርባል፣ ከሙኑ ይሸታል፣ ቃሪያውና ሽንኩርቱ በዚያው ደቂቃ የተከተፈ መሆኑ ያስታውቃል። ፈጢራው ሊጡ ሳስቶ ተለጥጦ፣ እንቁላል ፈስሶበት ታጥፎ በብረት ምጣድ ላይ የሚጠበስ ሲሆን፣ ማሩ ሲበዛበት ይዝላል፤ ማሩን ለብቻው በሳህን ጠይቁ። እነዚህን ምግቦች ይዘዋቸው የመጡት ጣሊያኖችና የመናውያን ከሰፈሩ ከጠፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ይሁን እንጂ ከተማው ሁሉ ፓስታውንም ፉሉንም የራሱ አድርጎ ስለሚበላቸው ባለቤት አላጡም፤ የተበላሸ ፉል ያቀረበ ቤት በማግስቱ ቁርስ በላተኛ አያገኝም።

ከዚያ በታች የባቡሩ ዘመን ይመጣል። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰውን፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን የባቡር መስመር ለመሥራት የቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ በ2007 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከመሐንዲሱ እስከ በያጁ ድረስ ቱርኮች ወደ አካባቢው ገቡ። የሚበሉት በየካምፓቸው ቢሆንም በዕረፍት ቀን ወደ ሰፈሩ ብቅ የሚሉ ነበሩ። እመቤቲቱ እንደሚያወሩት፣ የቀይ ምስር ሾርባውን አሠራር ያሳያቸው ወጥ ቤት ድረስ ዘልቆ ገብቶ ቅመሙን በእጁ የመጠነላቸው አንድ ፎርማን ነው። ምስሩ እስኪልም ተፈጭቶ፣ በቅቤ የሞቀ ቀይ በርበሬ ከላይ ፈስሶበት፣ ከደረቅ ናናና ከግማሽ ሎሚ ጋር ይቀርብ ነበር አሉ። ሐዲዱ ተዘርግቶ፣ ባቡሩ መደበኛ ሥራ ሳይጀምር ቱርኮቹ ሄዱ። ዛሬ በዚያው ስም የሚመጣው ውኃ የበዛበት ክክ ወጥ ነው፤ ናናው የለም፣ ሎሚው ካልተጠየቀ አይመጣም፣ ከሥር የተቀመጠው ዱቄት ማንኪያ ላይ ይንጠለጠላል። ሳዝዘው አስተናጋጁ ልጅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ሌላ ነገር ቢያዙ አይሻልም?» ብሎኝ ነበር። አሠራሩ ተረስቶ እንዳይመስላችሁ፤ እመቤቲቱ እስከ ቅመሙ ልክ በቃላቸው ይዘውታል። የጠፋው «ይህ እኮ አይደለም» ብሎ ሳህኑን የሚመልስ ሰው ነው። ከተማው የራሱ አላደረገው፣ ባለቤቱም የለ፤ እንዲህ ያለ ምግብ በካርቶን ላይ እንጂ በድስት ውስጥ አይኖርም።

በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ደግሞ ሰፈሩን የሞሉት ከየወረዳው የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ከለጋምቦ፣ ከወረኢሉ፣ ከደላንታ የመጡት ልጆች አንድ ክፍል ለሦስትና ለአራት ተከራይተው ይኖሩ ነበር፤ ደመወዙ ከኪራይ ተርፎ ሙሉ ምግብ አይገዛም። ቤቱ ያን ጊዜ «ግማሽ ሽሮ» የሚል ቁራጭ ወረቀት ለጠፈ፤ ሒሳቡ በደብተር ተይዞ ደመወዝ ሲወጣ ይከፈላል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ከተማዋ ደረሰ፤ ኮምቦልቻ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ስትቆይ ፋብሪካና መጋዘን ተዘረፈ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አሜሪካ የፓርኩ ፋብሪካዎች ምርታቸውን ይልኩበት የነበረውን፣ አጎዋ የሚባለውን ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ከኢትዮጵያ አነሣች። እመቤቲቱ እንደሚሉት ከደንበኞቻቸው ብዙዎቹ ያልተከፈለ ሒሳብ ደብተሩ ላይ ትተው ወደ ዓረብ አገር ሄደዋል፤ አንዳንዶቹ ከዚያ ሆነው በሰው ልከውላቸዋል። የቀሩት ግን ዛሬም ማታ ማታ ይመጣሉ፣ ግማሽ ሽሮውም ስለ እነሱ ሲባል አልተበላሸም። ሽሮው ወፍራም፣ ነጭ ሽንኩርቱ የማይሰስትበት፣ በሸክላ ድስት እየተንተከተከ የሚቀርብ ነው። እንጀራው የማሽላ ቅልቅል ስለሆነ ከቀትር በኋላ መድረቅ ይጀምራልና የማታ በላተኞች ይህን መታገሥ የለባቸውም፤ ሁለት ጊዜ መጋገር ከባድ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ካብሳው ልምጣ። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2006 ዓ.ም. ኅዳር የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ሠራተኞች በብዛት ማስወጣት ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ወሎ ደግሞ ልጆቹን ወደ ዓረብ አገር በመላክ ከቀደሙት አንዱ ነው፤ መሄዱም መመለሱም ከዚያ ወዲህ አላቋረጠም። በባቲ መውጫ ሰፈር በእያንዳንዱ ግቢ ቢያንስ አንዲት ጂዳን ወይም ሪያድን የምታውቅ ሴት አትጠፋም። የቤቱ ካብሳ ሠሪም ጂዳ በሰው ቤት ስትሠራ የኖረች፣ ማድ ቤቱን እንደ ግል ርስቷ የያዘች ሴት ናት።

አሠራሩን ቆሜ አይቻለሁ። ሽንኩርቱ ከቲማቲሙ ጋር ከበሰለ በኋላ ዶሮው ይገባል፤ ሄል፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ ይከተላል፤ ከዚያ በደረቁ የጠቆረው ሎሚ በቢላ ጫፍ ሁለት ቦታ ተወግቶ ይጣላል። ዶሮው ሲበስል ወጥቶ በምድጃ ይጠበሳል፤ ታጥቦና ተዘፍዝፎ የቆየው ባስማቲ ሩዝ በዶሮው መረቅ ይበስላል። ሴትዮዋ ክዳኑን ከዘጋችው በኋላ ማንም እንዲከፍተው አትፈቅድም፤ እመቤቲቱ ራሳቸው እንኳ እጃቸውን ሰብስበው ይጠብቃሉ። ሲቀርብ ፍሬው ከፍሬው አይጣበቅም፣ ዘይቱ ትሪው ላይ አይተኛም፣ የጥቁሩ ሎሚ ኮምጠጥ ያለ ጭስ መሰል ጣዕም ከሥጋው በኋላ ቀስ ብሎ ይደርሳል። ዳቁስ የሚሉት የቲማቲምና የቃሪያ ማባያ ለብቻው በሳህን ይመጣል፤ ያቃጥላል፣ መጠንቀቅ ነው።

ይህ ምግብ ለምን እንዲህ እንደሚጠበቅ የገባኝ በአንድ ምሳ ሰዓት ነው። አባያ የለበሱ ሦስት ሴቶች ትሪ ከበው ተቀምጠው ነበር፤ አንደኛዋ ሩዙን በጣቷ ጫፍ አንሥታ ቀመሰችና ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ዞራ «እህቴ፣ ዛሬ ሎሚውን ረሳሽው እንዴ?» አለች። «አልረሳሁም፤ አልቋል። ከጅቡቲ የሚያመጣልኝ ሾፌር አልገባም» ብላ መለሰች ምግብ ሠሪዋ። «እንግዲያው ሩዝ በዶሮ በይን እንጂ ካብሳ አትበይን!» ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ እመቤቲቱ ግን አልሳቁም፤ ሒሳቡ ሲመጣ በሩዝ በዶሮ ዋጋ ተደርጎ ነበር። በየጠረጴዛው እንዲህ ያሉ ዳኞች በተቀመጡበት ቤት ካብሳ ሊበላሽ አይችልም። ለሾርባው ከእነዚህ ሴቶች እንደ አንዷ ያለ አንድ ቱርክ ብቻ ቢቀርለት ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩበት ነበር።

ሥጋውን በሚመለከት ለማያውቅ እንግዳ ማስረዳት ያስፈልጋል። ቤቱ የሙስሊም ነው፤ የሚታረደውም በዚያው ሥርዓት ነው፤ ይህም በሩ ላይ ሳይሆን ትእዛዝ ሲቀበሉ በቃል ይነገራል። የዚያን ሥጋ የማይበላ ክርስቲያን ደንበኛ የጾም በየዓይነቱ፣ ሽሮ፣ እንቁላል፣ ሲገኝም ከሐይቅ የመጣ ዓሣ ያገኛል፤ የጾሙ ድስትና ማማሰያ ከሥጋው ለብቻ ነው፤ ረቡዕና ዓርብም የጾሙ ሰሌዳ ከሥጋው ይበረታል። ወሎ ለዚህ አዲስ አይደለም፤ በሠርጉም በሐዘኑም ሁለት ዳስ መጣል የለመደ አገር ነው። የማደንቀው ነገሩ ያለ ብዙ ትርኢት መሠራቱን ነው፤ አስተናጋጁ «ሥጋው የእኛ ነው፣ ይስማማዎታል?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ሰምቶ ይሄዳል፣ በቃ።

ስለ ወሎ ሲጻፍ «ሁሉም በአንድ ማዕድ» የሚል ነገር ማከል ልማድ ሆኗል። በዚህ ቤት ግን ሁሉም በአንድ ማዕድ አይቀመጥም። የአፋር ሾፌሮች ከውጭ፣ መኪናቸውን ከሚያዩበት ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ የፓርኩ ልጆች ከጀርባ ባለው ክፍል ይሰበሰባሉ፤ ከዓረብ አገር የተመለሱት ሴቶች መጋረጃ ያለበትን ጥግ ይዘዋል፤ ለሥራ የመጡ የመሐል አገር ሰዎች ስልካቸውን እያዩ በር ላይ ይበላሉ። አንዱ የሌላውን ቦታ ያውቃል፣ ያከብራል፣ አይዳፈርም። ይህን ደግሞ ከማስመሰል ፍቅር ይልቅ እውነተኛ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ግድግዳውን በሞሰብና በአገልግል ሥዕል ለማስጌጥ የተሞከረው ግን ባይሞከር ይሻል ነበር።

ሰዎቹ ሳይመርጡ የሚቀላቀሉበት አንድ ቦታ ቢኖር የቡናው ጥግ ነው። ቡናውን የምታፈላው ሴት ወላጆቿ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ መንግሥት ከወሎ አንሥቶ ወለጋ ካሰፈራቸው ሰዎች መካከል ናቸው። እሷ የተወለደችው እዚያ ነው፤ በቅርብ ዓመታት በደረሰው ግጭት ተፈናቅላ ወላጆቿ ወደ ተነሡበት አገር ስትመለስ በመጀመሪያ ያረፈችው ሐይቅ ከተማ አካባቢ «ቱርክ ካምፕ» በሚባለው መጠለያ ነው። የባቡሩ ሠራተኞች ያረፉበት ካምፕ ለተፈናቃይ መጠጊያ ሆኖ ማለት ነው። ወለጋ ሳለች የወሎ ሰው ይሏት ነበር፤ እዚህ ደግሞ «የወለጋዋ» ይሏታል። ከከሚሴ መስመር የሚመጡት ሾፌሮች በኦሮምኛ ሰላምታ ሲሰጧት ፊቷ ይፈታል፣ የሾፌሮቹም ሒሳብ አልፎ አልፎ ይረሳል።

ቡናው በአቦሉ ጠንከር ያለ፣ በቶናውም ያልሞተ ነው፤ በረካው ድረስ ለመቀመጥ ጊዜ ይኑራችሁ። ዋናው ነገር ግን ከቡናው ጋር የምታቀርበው ቡና ቀላ ነው። ከነገለባው የደረቀው ቡና ጫፉ እየተቀጠፈ በቅቤና በጨው ቀስ ብሎ ይቁላላል፤ ሲበቃው ገለባው ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል፤ በትንሽ ጣባ ከገብስ ቆሎ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። በጣት እየተነሣ ይታኘካል፦ መጀመሪያ ቅቤው፣ ከዚያ ጨው፣ መጨረሻ ላይ የቡናው ምሬት። «እህቴ፣ ይህን የኮምቦልቻ ሰው ይወድልሻል?» ብዬ ጠየቅኋት። «አዛውንቶቹ መድኃኒት ነው ይሉኛል፣ ጋሼ። ልጆቹ ይሥቃሉ፤ ግን አንድ ጊዜ የቀመሰ ይመለሳል» አለችኝ። በካርቶኑ ላይ ገና አልተለጠፈም፤ ገበያው ይታይ ተብሎ ነው። እኔ ግን አሁኑኑ ይለጠፍ እላለሁ፤ ይልቁንም የሾርባው ወረቀት ተልጦ በእሱ ቦታ ይግባ።

ጉድለቶቹ እነዚህ ናቸው። እጅ መታጠቢያው አንድ ብቻ ነው፤ ውኃ በጠፋ ቀን በጆግ ይታጠባሉ፤ ሳሙናውም እየተቆራረሰ የሚቀርብ ነው። መጸዳጃው ከጀርባ ካሉት ተከራዮች ጋር የጋራ ስለሆነ ከቤት ጨርሶ መምጣት ይመከራል። የማድ ቤቱ ጭስ ነፋስ ሲዞር ወደ ውስጥ ይገባል። በካርቶኑ ላይ ዋጋ የተጻፈው ለከፊሎቹ ምግቦች ብቻ ነው፤ ሳይጠይቁ ማዘዝ ሒሳብ ላይ ጭቅጭቅ ያመጣል፤ እመቤቲቱ ሐቀኛ ናቸው፣ አስተናጋጆቹ ግን የዛሬውን ዋጋ ከትናንቱ ያምታታሉ። ለሁለት ሰው የሚበቃ የካብሳ ትሪ በመሐል ከተማ ሆቴሎች ለአንድ ሰው ጥብስ ከሚከፈለው ያንሳል፤ ከዚህ አንጻር ሲታይ ማማረር ያሳፍራል።

ካብሳው የሚደርሰው ከቀትር ጥቂት ቀደም ብሎ ሲሆን፣ ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ሰው የሚያገኘው የትሪ ጥራጊ ነው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ወንበር አይገኝም፤ ሰኞ ደግሞ የባቲ ገበያተኛ ስለሚያልፍ ፉሉም ቡናውም ማለዳ ያልቃል። ከማዘዛችሁ በፊት ጥቁር ሎሚው መግባቱን ጠይቁ፤ ከሌለ ግማሽ ሽሮውን እዘዙና ወደ ቡናው ጥግ እለፉ።